«ግማሽ ኢንች» ስንል ምን ማለታችን ነው? የጥርስ ስያሜና አንድ የሙከራ ስሕተት

ለማስተርስ ጥናቴ የሚያገለግል አነስተኛ የውኃ ግፊት መሞከሪያ ሳዘጋጅ፣ የግፊት መለኪያውን ከቧንቧው ጋር የሚያያይዝ የናስ መገጣጠሚያ አስፈለገኝ። በንድፉ ላይ «የውስጥ ጥርስ፣ ግማሽ ኢንች» ብዬ ጽፌ ቡራዩ ለሚገኝ አንድ የቶርኖ ባለሙያ ሰጠሁ። ባለሙያው ወረቀቱን ተመልክተው «የየትኛው ግማሽ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው አልገባኝም፤ አላዋቂ መስዬ እንዳልታይ ግን «የተለመደው ይሁን» አልኋቸው። እርሳቸውም የተለመደውን ሠሩልኝ።

መገጣጠሚያው ሰበታ በሚገኘው የሙከራ ሥፍራችን ተገጠመ። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች በእጅ ገቡ፤ የቀረውን በመፍቻ አጠበቅን። ግፊቱ ስድስት ባር ሲደርስ በጥርሱ መካከል ውኃ ረጨ። ቴፍሎን ጨምረን ይበልጥ ስናጠብቅ ናሱ ተሰነጠቀ። የረጨው ቀዝቃዛ ውኃ በመሆኑ ረዳቴ ልብሱ ከመራሱ በቀር አልተጎዳም፤ እንፋሎት ቢሆን ኖሮ ግን ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር በሆነ ነበር።

ጥርስ በመሠረቱ በሲሊንደር ላይ የተጠመጠመ ተዳፋት ነው። ባለ ቀጥተኛ ማዕዘን ሦስት ጎን ወረቀት በእርሳስ ላይ ብንጠቀልል፣ ሰያፉ ጠርዝ የጥርሱን መንገድ ያሳየናል። ይህን ቅርጽ ለመግለጽ አንድ ቁጥር አይበቃም። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚለካው ትልቁ ዲያሜትር፣ ከሥር እስከ ሥር የሚለካው ትንሹ ዲያሜትር፣ በሁለት ተከታታይ ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት ወይም ፒች፣ የጥርሱ ሁለት ጎኖች የሚፈጥሩት ማዕዘን፣ እንዲሁም ጥርሱ ወጥ ወይም ሾጣጣ መሆኑ በአንድነት መታወቅ አለባቸው። አንዱ ብቻ ቢለያይ ሁለቱ ክፍሎች በትክክል አይጋጠሙም።

በእኛ ዘንድ የተለመደው የቧንቧ ጥርስ የእንግሊዝ ሥርዓት ነው፤ የግፊት መለኪያው ጥርስ ደግሞ የአሜሪካ ሆኖ ተገኘ። በግማሽ ኢንች መጠን ሁለቱም በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርስ ስላላቸው ፒቻቸው 1.814 ሚሊ ሜትር ነው። በእጅ ሲገቡ ያታለለን ይህ መመሳሰል ነው። የእንግሊዙ ማዕዘን ግን 55 ዲግሪ ሲሆን የአሜሪካው 60 ነው፤ ስለዚህ ጎን ከጎን ሳይገናኝ ውኃው መሹለኪያ ያገኛል። «ግማሽ ኢንች» የሚለው ስምም ቢሆን የጥርሱ ልክ አይደለም። የእንግሊዙ ትልቁ ዲያሜትር 20.955 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስሙ የተወረሰው ከጥንቱ ቧንቧ የውስጥ ስፋት ነው።

ልዩነቱ ታሪክ አለው። ጆሴፍ ዊትወርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ከልዩ ልዩ የእንግሊዝ ወርክሾፖች ብሎኖችን ሰብስቦ በማነጻጸር የ55 ዲግሪውን ሥርዓት አቀረበ። ዊልያም ሴለርስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1864 በፊላዴልፊያ፣ ለሠራተኛ ይቀልላል በማለት 60 ዲግሪን መረጠ። የዛሬው ሜትሪክ ብሎንም 60 ዲግሪ ነው። በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መንገዶች ላይ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የተተከሉ ፋብሪካዎች ከተለያዩ አገሮች የመጡ ማሽኖችን ጎን ለጎን ስለሚያሠሩ፣ የሁለቱም ሰዎች ውሳኔ በአንድ የጥገና ክፍል መደርደሪያ ላይ ሊገናኝ ይችላል።

ወደ ቡራዩ ተመልሼ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ለባለሙያው ነገርኋቸው። «በሚቀጥለው ጊዜ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን የሚገጥመውንም ዕቃ ይዘህ ና» አሉኝ። ምክራቸው ትክክል ነው፤ ዕቃውን ተሸክሞ መሄድ በማይቻልበት ጊዜ ግን የሚተካው የተሟላ ስያሜ ብቻ ነው። በአዲሱ ንድፌ ላይ ሥርዓቱን፣ መጠኑን፣ በኢንች ያለውን የጥርስ ብዛት፣ ማዕዘኑንና ሾጣጣነቱን ጻፍሁ። ባለሙያው አንብበው ምንም አልጠየቁኝም።