በጠረጴዛ ዙሪያ ስለሚደረግ የመርከብ ማሳደድ ጨዋታ

በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዱ ሰው የአንድ ባለታሪክ ስም ይዞ በቃል የሚጫወቱት ጨዋታ በአሜሪካ አገር የተፈጠረ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሰዎች ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን ደንብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ዓመት አሳተሙ። ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፥ በ1972፥ እነዚሁ ሁለቱ ከማይክ ካር ጋራ ሆነው ስለ ሸራ መርከቦች ውጊያ የጨዋታ ደንብ አውጥተው ነበርና፥ የባሕር ነገር ለዚህ ጨዋታ እንግዳ አይደለም።

ወደ ቤታችን ያመጣችው በባሕር ማዶ ተምራ የተመለሰችው የእኅታችን ልጅ ናት። አንዱ ሰው ዳኛ ይሆናል፤ አገሩን፥ አየሩንና ጠላቱን የሚናገር እርሱ ነው። የቀሩት የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ ነገሩ የሚያጠራጥር ሲሆን ዛህራ ይጣላል። ደንቡ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለ ሆነ፥ በሚሲዮን ተማሪ ቤት ያገኘነው ቋንቋ ዳኝነቱን በእኛ ላይ ጣለው። ሥራችን የፍርድ ቤት ጽሕፈት ነውና፥ ዳኛ መባላችን ልጆቹን እጅግ አሳቃቸው።

መርከብ መርከብን የሚያሳድድበት ጊዜ ሲመጣ ብዙዎች ዳኞች የሁለቱን ፍጥነት አስተያይተው ዛህራ ያስጥላሉ፤ ፈጣኑ ይደርሳል፥ ዘገምተኛው ይያዛል። ይህ እንደ እኛ አሳብ ክርክሩ ሳይሰማ ፍርድ እንደ መስጠት ያለ ነው። አንዱ ዛህራ ሲጥል የቀሩት እጃቸውን አጣጥፈው ያዛጋሉ። ደግሞም የሸራ መርከብ እንደ ፈረስ በልጓም የሚነዳ አይደለም። ወደ ነፋሱ አፍ ቀጥ ብሎ ሊሄድ አይችልም፤ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ ይወጣል እንጂ። ነፋሱ ያረፈ እንደ ሆነ አሳዳጁም ተሳዳጁም ባሉበት ይቆማሉ።

እውነተኛውን ነገር ለማወቅ የሚሻ ሰው በ1812 ዓመት በጁላይ ወር በኒው ጀርሲ ጠረፍ አንጻር የሆነውን ይመልከት። ኮንስቲቱሽን የምትባለውን የአሜሪካ መርከብ አምስት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች አገኟት፤ ነፋሱም ፈጽሞ ጠፋ። አለቃዋ አይዛክ ኸል መልሕቁን በጀልባ ወደ ፊት አስወስዶ ከባሕር አስጣለና፥ መርከበኞቹ ገመዱን እየሳቡ መርከቢቱን ወደ መልሕቁ አስጠጉ፤ ደግመውም ደጋግመውም እንዲሁ አደረጉ። እንግሊዞቹም አይተው ያንኑ ያዙ። ጥቂቱ ነፋስ እንዳያመልጥ ሸራውን ውሃ አጠጡት፤ መርከቢቱ እንድትቀል ብለው 2300 ጋሎን ያህል የመጠጥ ውሃ ወደ ባሕር አፈሰሱ። በመጨረሻ ዐውሎና ዝናብ በመጣ ጊዜ ኸል የፈራ መስሎ ሸራውን ሰበሰበ። አሳዳጆቹም ይህን አይተው የራሳቸውን ሰበሰቡ፤ እርሱ ግን ዝናቡ በጋረደው ጊዜ ሸራውን ዘርግቶ አመለጠ። ማሳደዱ የቆየው 57 ሰዓት ነው።

እኛም ከዚህ ተነሥተን ለቤታችን ደንብ ሠራን። በወረቀት ላይ ስምንት ቤት እንሰምራለን፤ ይህ በሁለቱ መርከቦች መካከል ያለው ርቀት ነው። ሁለት ቤት ሲቀር መድፍ ይደርሳል፤ ከስምንተኛው ያለፈ ከዓይን ይሰወራል። ዳኛው አስቀድሞ ነፋሱንና ሰማዩን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወገን ትእዛዛቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ባንድነት ይገልጣሉ። በአገራችን የጥንት ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ሠራዊታቸውን የሚያንቀሳቅሱበትን፥ ወረራ የሚባለውን፥ የሚያውቁ ሽማግሎች ነገሩ አይደንቃቸውም። አንዱ መሪውን፥ አንዱ ሸራውን፥ አንዱ መድፉን ይይዛል፤ አንዱም ከምሰሶው ላይ ሆኖ ያያል። አንድ ቤት ሊያተርፍ የሚፈልግ ግን ከመርከቡ አንድ ነገር መጣል አለበት፤ መድፍ፥ ጀልባ፥ ጭነት ወይም ውሃ። የተጣለው ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል፤ ይህ እንኳ ለእኛ የዕለት ሥራችን ነው።

ታላቁ ልጃችን ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ካንድ ዓመት ወዲህ ከእኛ ጋራ የሚነጋገረው እጅግ ጥቂት ነው። ባለፈው እሑድ ማታ ወረርሽኝ ወደ ገባበት ከተማ መድኃኒት የሚያደርስ የመርከብ አለቃ ሆነ፤ ታናሽ እኅቱ ታሳድደዋለች። ሦስት ቤት ብቻ ቀረ። መድፉና ጀልባው አስቀድሞ ተጥሏል። ታናሽ ወንድሙ፦ «መድኃኒቱን ጣለውና እንዳን» ይለዋል። እርሱ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፦ «አባባ፥ በከተማው የታመመው ስንት ሰው ነው ብለዋል?» ብሎ ጠየቀን። አራት መቶ አልነው። በወረቀቱ ላይ «ውሃውን» ብሎ ጻፈ።

እናታችን ባሕር አይተው አያውቁም። ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጠው ሲሰሙ ቆይተው፦ «ውሃውን ደፍተህ ነገ ሰዎችህን ምን ልታጠጣቸው ነው?» አሉት።

«እማማ፥ አባባ ቅድም በምዕራብ ደመና አለ ብለው ነበር። ዝናቡን በሸራው እናጠራቅመዋለን» አለና፥ ሸራው እንዴት እንደሚወጠር፥ ባሕሩ የረጨው ጨው እንዲወርድ የመጀመሪያው ውሃ እንደሚደፋ፥ ጋኑ ከወዴት እንደሚቆም፥ በነጠላቸው ጫፍ እያሳያቸው ብዙ ነገር አጫወታቸው። እርሳቸውም እየደጋገሙ ጠየቁት። እኛ ብርዓችንን አስቀምጠን ሰማን። ዝናቡ ይዘንብ እንደ ሆነ የሚለየው ዛህራ ገና አልተጣለም ነበር፤ ሌሊቱም ስለ ገፋ ለሚመጣው እሑድ ቀጠሮ ሰጠን።