ሰንጢዬና ጣቴ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፖለቲካ አይደለም፤ ኪስ ውስጥ ስለምትያዝ አንዲት ትንሽ ሰንጢ ነው። ነገሩ ተራ ቢመስልም የግራ እጄን ሌባ ጣት ላጣ ለጥቂት የተረፍኩበት ጉዳይ ነውና እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

እዚህ ሜሪላንድ እንደመጣሁ የተቀጠርኩት መጋዘን ውስጥ ነበር። ሥራዬ ከጭነት መኪና የሚወርደውን ካርቶን እየቀደዱ ዕቃውን መደርደር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ታጣፊ ሰንጢ ገዛሁ። እጀታዋ ፕላስቲክ፣ ክብደቷ ከአንድ እንቁላል ብዙም የማይበልጥ። ቀኑን ሙሉ ካርቶን ስትቀድ፣ ማሰሪያ ስትበጥስ፣ ገመድ ስትቆርጥ አንድ ቀን እንኳ አላሳፈረችኝም። እንዲህ ሁለት ዓመት ስታገለግለኝ «ይህቺ ሰንጢ የማትችለው ነገር የለም» ብዬ አመንኩ። ጣጣው የመጣው ከዚህ እምነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በቀዳም ሥዑር ዕለት አምስት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን ከከተማ ወጣ ካለ እርሻ በግ ገዛን። ቢላዋዎቹን እንዲያመጣ አደራ የተሰጠው ጓደኛችን ቤቱ ረስቷቸው መጣ። የነበረን አንድ ካራ ብቻ ነው፤ እሱም በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ ይዘውት የመጡት። እሳቸው አርደው በአንድ በኩል ሲገፉ፣ እኔም ሰንጢዬን አውጥቼ በሌላው በኩል ጀመርኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቆዳውን እንደ ወረቀት ለየችው! ጋሼ እንኳ ቀና ብለው «አንተ ልጅ፣ እቺ ነገር ትሠራለች እኮ!» አሉኝ።

ምስጋናው ሳያሰክረኝ አልቀረም። ታፋው ጋ ስደርስ መገጣጠሚያውን በትዕግሥት ፈልጎ ማላቀቅ ሲገባኝ፣ ሰንጢዋን አጥንቱ መሐል ሰክቼ ጀርባዋን በእንጨት እመታት ጀመር። በሦስተኛው ምት መቆለፊያዋ ለቀቀ። ስለቷ ታጥፋ በቀጥታ እጀታውን በያዘው ጣቴ ላይ አረፈች።

የፋሲካን ሌሊት ያሳለፍኩት በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። ጣቴ ሰባት ቦታ ተሰፋ። ሐኪሙ «ጅማቱ ለጥቂት ተረፈ» አለኝ። ኢንሹራንስ አልነበረኝም። ሦስት ሳምንት ከሥራ ቀረሁ፤ የሆስፒታሉን ዕዳ ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ ከፈልኩ። አገር ቤት በየወሩ የምልከው ገንዘብ የተቋረጠውም ያኔ ነው። እናቴ በስልክ «ምን ሆነህ ነው?» ስትለኝ «ሰንጢ ታጠፈብኝ» ለማለት አፍሬ «ሥራ ቀዝቅዞ ነው» አልኳት።

ጋሼ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ሰንጢዋን መራገም ጀመርኩ። እሳቸው ግን «እሷ ምን አጠፋች? የመጥረቢያ ሥራ የሰጠሃት አንተ!» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አጥብቄ መረመርኩት።

አንድ ነገር ስንቆርጥ፣ የሚቆረጠው ነገር ስለቱን የሚገፋው ወደ መከፈቻው አቅጣጫ ነው። ስለቱ እዚያ ተደግፎ ስለሚቆም መቆለፊያው ብዙ አይደክምም። ጀርባውን ስንመታ ግን ኀይሉ ወደ መታጠፊያው አቅጣጫ ይዞራል፤ ያን ሁሉ ምት የምትሸከመው ያቺ ትንሽ መቆለፊያ ናት። እንደ ማንሻ ስንጠመዝዘው ደግሞ ጫናው በማጠፊያው ምስማርና በቀጭኑ ጫፍ ላይ ይወድቃል። ስለቱ ቶሎ እንዳይዶለድም ጠንክሮ የተሠራ ብረት ስለሆነ፣ ሲያጣምሙት ከመጉበጥ ይልቅ ይሰበራል። የማይታጠፍ ቢላዋ ብረቱ እስከ እጀታው ውስጥ ስለሚዘልቅ የሚለቅ መቆለፊያ የለውም።

ታዲያ ከባድ ሰንጢ ብገዛስ ኖሮ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካኑ ባክ 110 ነሐስና እንጨት ለብሶ 200 ግራም ገደማ ይመዝናል። በ1990 የወጣው የስፓይደርኮ ዴሊካ እጀታው በመስታወት ክር የተጠናከረ ናይለን ሲሆን 70 ግራም ገደማ ነው። የፈረንሳዩ ኦፒኔል ከ1890 ጀምሮ የሚሠራ ባለ እንጨት እጀታ ሰንጢ ነው፤ የመቆለፊያ ቀለበት የተጨመረለት በ1955 ነው፤ ቁጥር 8 የሚባለው 50 ግራም ገደማ ቢሆን ነው። ስለቱ ስስ በመሆኑ ለመቁረጥ ከብዙ ወፍራም ሰንጢ ይበልጣል። ለመደብደብና ለመፈንቀል ከሆነ ግን ከባዱም ቢሆን ያው ታጣፊ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ «ከባድ ሥራ» ሁለት ዓይነት ነው። ብዙ መቁረጥ ከሆነ ቀላሏ ሰንጢ ቀኑን ሙሉ ትችለዋለች። መፈንቀል ከሆነ ካቻቢቴ፣ አጥንት መስበር ከሆነ መጥረቢያ ፈልጉ። መቆለፊያዋ ውስጥ ቆሻሻ እንዳይጠራቀም አጽዱ። ተከፍታ ሳለ ስለቷ የምትነቃነቅ ከሆነ ለምንም ሥራ አትመኑዋት።

እኔ ዛሬም ኪሴ ውስጥ ቀላል ሰንጢ አለች። ጣቴ ግን እስካሁን በደንብ አይታጠፍም። ጋሼም ለፋሲካ መኪና ውስጥ ስንገባ ገና ሰላምታ ሳይሰጡኝ «ቢላዋ ይዘሃል?» ይሉኛል።