የተቈለፈው ስጦታ

በዚህ ዓመት ከጥምቀት በዓል ሁለት ቀን አስቀድሞ፥ በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ የምትኖረው ታናሽ እኅቴ፥ ለበዓሉ ወደ አገሩ በሚመጣ ጎረቤቷ እጅ አንድ ተንቀሳቃሽ ስልክ ላከችልኝ። የእኔ አሮጌ ስልክ መስተዋቱ ከተሰነጠቀ ሁለት ክረምት አልፎት ነበርና፥ ደስታዬ የሸመገለ ሰው ደስታ አልነበረም። ገና ሳልሞክረው ወጥቼ ለጎረቤት አሳየሁት።

ሲም ካርዴን ከአሮጌው አውጥቼ ወደ ዐዲሱ ባገባሁት ጊዜ ግን፥ መስተዋቱ ላይ በእንግሊዝኛ የወጣው ጽሑፍ፥ ይህ ካርድ የሌላ ድርጅት ስለ ሆነ አልቀበለውም የሚል ነበረ። የልጄን የሳፋሪኮም ካርድ ብሞክር መልሱ ያው ሆነ። እንዲህ ያለው ቁልፍ ለእኔ ቢጤ ሰው እንግዳ ቢሆን አያስደንቅም። ሁለተኛው የስልክ ድርጅት በ2015 ዓ.ም. በመስከረም ወር በዐዲስ አበባ ሥራ እስኪጀምር ድረስ በከተማችን ያለው ቴሌ ብቻ ስለ ነበረ፥ ደንበኛው ወደ ማን እንዳይሄድ ይቈለፍበታል?

በማግስቱ ወደ መርካቶ ይዤው ሄድሁ። ስልክ ጠጋኙ ወጣት ጽሑፉን አንድ ጊዜ አይቶ፥ «ጋሼ፥ ይህ ሎክድ ነው» አለኝና ነገሩን እንደ መምህር አስረዳኝ። በዚያ አገር ብዙ ሰው ስልክ የሚገዛው ዋጋውን በየወሩ እየከፈለ ነው፤ ኩባንያውም ገንዘቡ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ስልኩ የራሱን ካርድ ብቻ እንዲቀበል አድርጎ ይሸጠዋል። ቀጥሎም ከካርዱ ጋር ተደርባ የምትገባ፥ እንደ ወረቀት የሳሳች ነገር አሳየኝ። ይህች ስልኩን ታታልለዋለች፤ ነገር ግን ስልኩ ሶፍትዌሩን ባደሰ ጊዜ ተንኰሏ ሊታወቅና እንደ ገና ሊዘጋ ይችላል፤ እውነተኛው መክፈቻ ያለው በኩባንያው መዝገብ ላይ ነው አለኝ። ሸጦልኝ ዝም ሊል ሲችል ይህን ስለ ነገረኝ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ማታ ለእኅቴ ደወልሁ። ሰላምታው በወጉ ሳይፈጸም፥ «ሳታጣሪ እንዴት ትልኪልኛለሽ?» አልኋት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ እኔንም ጐረበጠኝ። እርስዋ ግን፥ «ስልክ ስልክ ነው ብዬ ነው፥ ጋሼ፤ ቁጥሩን ንገረኝና ልጠይቃቸው» አለችኝ። ኮከብ፥ መሰላል፥ ዜሮ፥ ስድስት፥ መሰላል ሲጫኑ የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ መለያ ቁጥር አንድ በአንድ አነበብሁላት።

በሦስተኛው ቀን ደወለች። «አሥር ወር ብቻ ታገሠኝ፥ ጋሼ።»

«ለምን አሥር?»

ጥቂት ዝም አለች። «ያን ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል።»

እኅቴ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት የሌሊት ሥራ ትሠራለች። የእናታችንንም የመድኃኒት ገንዘብ በየወሩ የምትልከው እርስዋ ናት። እኛ በዚያ አገር ገንዘብ ከመንገድ የሚታፈስ ይመስለናል፤ ስልኩን በምን እንደ ገዛችው ለመጠየቅ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብሁም ነበረ። ያፈርሁትን ዕፍረት ለመሸሽ ይመስለኛል፥ ኩባንያውን የምከስስበት ምክንያት ባገኝ ብዬ የአገሩን ሕግ አገላበጥሁ።

እዚያም ስለዚህ ቁልፍ ብዙ ክርክር ተደርጓል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 የወጣው የድርሰት መብት ሕግ የኤሌክትሮኒክ ቁልፍ መስበርን ስለሚከለክል፥ ስልክ ማስከፈት ከክልከላው ነጻ ይሁን አይሁን የሚወስነው የምክር ቤቱ የመጻሕፍት ቤት ሹም ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሣቅሁ። ፈቃዱ ሳይታደስ ቀርቶ በ2013 ዐዲስ የተገዛ ስልክን ያለ ኩባንያው ፈቃድ መክፈት ክልክል ቢሆን፥ ከ100,000 በላይ ሰዎች ፈርመው አቤት አሉ፤ በሚከተለውም ዓመት ፕሬዚዳንት ኦባማ በፈረሙት ሕግ ፈቃዱ ተመለሰ። ሕጉ ግን ባለስልኩ ቢያስከፍት አያስጠይቀውም አለ እንጂ፥ ዕዳው ያላለቀውን ስልክ ኩባንያው ይክፈት አላለም። ስለዚህ የምከስሰው አጣሁ።

ቀሪውን ዕዳ እኔ ልክፈል ብላት አልሰማ አለችኝ። መልሼ ልላከው ብል እንደምትከፋ ዐውቃለሁ። በቤቴ በዋይፋይ ብቻ እጠቀምበታለሁ፤ ስወጣ የተሰነጠቀውን እይዛለሁ። እናቴ፥ «ያ ስልክ ይሠራል ወይ?» ስትለኝ፥ ይሠራል እላታለሁ።

እኅቴ ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፥ ከሌሊት ሥራዋ ስትወጣ ትደውልልኛለች፤ በእርስዋ ዘንድ ጎሕ ሲቀድ በእኛ ከቀትር በኋላ ነው። ባለፈው ሳምንት፥ «አራት ቀረ፥ ጋሼ» አለችኝ። እኔም፥ «ያምሽ የነበረው እግርሽ ተሻለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።