የመስተዋት ሠሪው ልጅ

በጀርመን አገር፥ ስትራውቢንግ በምትባል ከተማ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1787 ዓመት ዮሴፍ ፍራውንሆፈር የሚባል ልጅ ተወለደ። አባቱ መስተዋት ሠሪ ነበረ። ዮሴፍ ገና 12 ዓመት ሳይሞላው እናቱም አባቱም ሞቱበት። አሳዳጊዎቹም ሙኒክ ወደሚባል ከተማ ልከው ሥራ እንዲማር ለአንድ መስተዋት ሠሪ ሰጡት።

ልጁ ትምህርት እጅግ ይወድ ነበረ። ጌታው ግን በሥራ ያደክመው ነበረ፤ መጽሐፍ ማንበብንም ከለከለው።

በ1801 ዓመት የጌታው ቤት በድንገት ፈረሰ። የጌታው ሚስት ሞተች። ዮሴፍ ግን ከፍርስራሹ በታች ብዙ ሰዓት ቈይቶ በእግዚአብሔር ቸርነት በሕይወት ወጣ። የአገሩ ገዥ ማክሲሚልያን ልጁ ሲወጣ አይቶ አዘነለትና 18 የወርቅ ገንዘብ ሰጠው። ኡትዝሽናይደር የሚባል ባለጸጋም መጻሕፍት ሰጠው።

ሌላ ልጅ ቢሆን ወርቁን በልብስና በመብል በጨረሰው ነበር። ዮሴፍ ግን መስተዋት የሚሞርድ መኪና ገዛበት፤ ከጌታውም ነጻ ወጣበት። በ1806 ዓመት መነጽርና መለኪያ በሚበጅበት የሥራ ቤት ገባ። በዚያም እጁ ሲሠራ ልቡ ይመረምር ነበረ።

የፀሐይ ብርሃን ሦስት ማዕዘን ባለው መስተዋት ሲያልፍ እንደ ቀስተ ደመና በየቀለሙ ይከፈላል። በቀለሞቹም ውስጥ ጥቋቁር መስመሮች አሉ። ዎላስተን የሚባል እንግሊዛዊ በ1802 ዓመት ጥቂቶቹን አይቶ የቀለሞች ድንበር መስለውት አለፋቸው። ዮሴፍ ግን በ1814 ዓመት መልካም አድርጎ ባበጀው መስተዋት ተመልክቶ ከ500 የሚበልጡ ቈጠረ፤ የብዙዎቹንም ስፍራ ለካ። እርሱ በ1826 ዓመት፥ በ39 ዓመቱ፥ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። በ1859 ዓመት ግን ኪርኾፍና ቡንሰን የሚባሉ ሊቃውንት መስመሮቹ በፀሐይ ያሉትን እንደ ብረት ያሉ ነገሮች የሚያስታውቁ ምልክቶች መሆናቸውን ገለጡ። ሰውም ወደ ፀሐይ ሳይሄድ ፀሐይ ከምን እንደ ተሠራች ዐወቀ።

ይህ የብርሃን ትምህርት ኦፕቲክስ ይባላል፤ ለሚማሩትም ብዙ የሥራ በር ይከፍታል። አንዱ ለደከመ ዐይን መነጽር ይለካል። አንዱ ሐኪም ደምን የሚመረምርበትን አጉሊ መነጽር ያበጃል። አንዱ ከዋክብትን ይመረምራል። አንዱም እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስተዋት ክር፥ በብርሃን፥ ቃልን ከባሕር ማዶ ያደርሳል።

ልጆች ሆይ፥ እጅ ያለ ትምህርት መንገዱን አያይም፤ ትምህርትም ያለ እጅ ሥራ ፍሬ አያፈራም። ዮሴፍ ሁለቱን አንድ አደረገ። 18ቱ ወርቅ ፈጥኖ አለቀ፤ በእርሱ የተገኘው ዕውቀት ግን እስከ ዛሬ ያበራል።