በር የነበረ ፍሬም

ለመስታወት ሞዛይክ ፍሬም ስሠራ ጓደኞቼ “አዲስ ጣውላ ጠፋ እንዴ?” ይሉኛል። አልጠፋም። ግን እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ፍሬሙ ከተጣመመ ደግሞ መስታወቱ ይሰነጠቃል። አሮጌ ዝግባ መጣመሙን ድሮ ጨርሷል።

ክብደቱንም አትናቁ። ባለ 4 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ምስማር ብቻውን አይበቃም፤ ማዕዘኑን በመሮ ፈልፍዬ አጋጥማለሁ፣ በኮላ አጣብቄ አሳድረዋለሁ። ከዚያ በፊት አሮጌውን ምስማር አንድ በአንድ መንቀል አለ። አንድ ከተረሳ የመጋዙን ጥርስ ይሰብራል።

አሁን እጄ ላይ ያለው እንጨት በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ከአያቴ ቤት የተረፈ በር ነው። ልጆቿን ሁሉ በዚያ በር አውጥታ ነው የዳረችው። ዛሬ ጎረቤቷን የማታውቅበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች። “ልጄ፣ ቀለሙን እንዳትፍቀው” አለችኝ። አረንጓዴውን ተውኩት።

አፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ነው፤ የሚሸከመው ሕንፃ አለው። የኔ 60 በ40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የሚሸከመው ከቤቱ የተረፈው በር ነው።

ሰፈራችሁ ሲፈርስ ቆርቆሮውን ለቆራሌው ስጡት። በሩን ግን አትስጡ።