ጠጋኙ ሲበዛ

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት አገር ቤት ስንገባ አባታችንን ደረታቸውን ይዘው አገኘናቸው። ዳገቱን አጋምሰው ይቆማሉ፤ ጥቂት ያርፉና ይቀጥላሉ። ሐኪሙ «የልባቸው ደም ቅዳ ጠቧል፤ አቴሮስክሌሮሲስ ይባላል» አሉን። እኛም የአርት ፋኩልቲ ሊቃውንት ነንና፥ «አባባ፥ አንቱ እኮ ጮማ አበዙ! ቧንቧው በስብ ተደፈነ» ብለን ፈረድን። አባታችን አልመለሱልንም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሥጋ ሲቀርብ እንደ ጥፋተኛ ዐይናቸውን ይሰብሩ ጀመር።

ወደ ግቢ ተመልሰን ይህንን ለአንድ የሕክምና ፋኩልቲ ወዳጃችን ብንነግረው ሣቀብን። «የሰው ደም ቅዳ የውኃ ቧንቧ መሰላችሁ እንዴ? ሕይወት ያለው ነገር እኮ ነው!» አለና መጽሐፎቹን አሸከመን። ያገኘነውን እነሆ።

ደም ቅዳ ከውስጥ በስስ ሽፋን የተለበጠ ነው፤ ከዚያ ሥር ልሙጥ ጡንቻ የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ በደኅና ጊዜ ቧንቧውን ያጠባሉ፥ ያሰፋሉ እንጂ እምብዛም አይባዙም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. በሲያትል ከተማ ራስል ሮስና ባልደረቦቹ እነዚህን ሕዋሳት በብልቃጥ አሳደጉ። ከረጋ ደም በተገኘ ፈሳሽ ሲመግቧቸው ተባዙ፤ ፕሌትሌት የተባሉት ደም አርጊዎች ተለይተው በወጡበት ፈሳሽ ሲመግቧቸው ግን ያን ያህል አልተባዙም። እንግዲያስ የሚያባዛቸው ቅመም ከፕሌትሌት የሚወጣ ነበር። ይህም ፒ.ዲ.ጂ.ኤፍ. ተባለ፤ እንዲህ ያሉት በጥቅሉ የዕድገት አነቃቂዎች ይባላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሽፋኑ በትምባሆ፥ በደም ግፊት ወይም በኮሌስትሮል ሲጎዳ ፕሌትሌትና ነጭ የደም ሕዋሳት ይደርሱና ይህንን ቅመም ይረጫሉ። ጡንቻዎቹም ጥሪውን ሰምተው ወደ ውስጠኛው ንጣፍ ይፈልሳሉ፤ ይባዛሉ፤ እንደ ሸማኔም ጅማት መሳይ ክር ይሠራሉ። ሐሳባቸው ቁስሉን መጠገን ነው፤ ጉዳቱ ካላቋረጠ ግን ጥገናው ራሱ መንገዱን ያጠባል።

ይህም ሆኖ ጡንቻው ፍጹም ጠላት አይደለም። በተጠራቀመው ስብ ላይ የሚሠራው ክዳን ጠንካራ ሲሆን ስቡን ከደሙ ይለያል፤ ክዳኑ ሳስቶ ሲቀደድ ግን ደም በላዩ ይረጋና ልብ በድንገት ይመታል። የጠበበውን ቧንቧ ለመክፈት የሚገባው ስቴንት የተባለው የሽቦ መረብም ግድግዳውን ስለሚያቆስል ያንኑ ጡንቻ ያባዛል፤ ስለዚህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ መባዛትን የሚገታ መድኃኒት የተቀባ ስቴንት በሥራ ላይ ውሏል።

እንግዲህ ፍርዳችን ግማሽ እውነት ነበረ። ጮማው ድርሻ አለው፤ ነገር ግን አባታችን ዕድሜ ልካቸውን ሲጋራ አጭሰዋል፤ በልጅነታችን ሲጋራውን ከሱቅ እየሮጥን የምንገዛላቸውም እኛው ነበርን። ያንን ሁሉ ዘመን ሰውነታቸው ቁስሉን ሲጠግን፥ ቁስሉ ሲታደስ ኖሯል ማለት ነው።

ትናንት ማታ ደብዳቤ ጻፍንላቸው፤ «አባባ፥ ስለ ጮማው ክፉ ተናግረናልና ይቅር ይበሉን፤ ሲጋራውን ግን ስለ እኛ ብለው ይተዉልን» የሚል። ቀና ስንል በጠረጴዛችን ላይ ያለው መተርኮሻ እስከ አፉ ሞልቷል። ደብዳቤውን ከማሸጋችን በፊት እሱን ደፋን።