የባና ፈታዮች

ስለ ወሎ ኢንዱስትሪ ሲነሣ ጣት ሁሉ ወደ ኮምቦልቻ ይቀሰራል። እውነትም የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣ የቢራ ጠመቃውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ እዚያ ናቸው። ከደሴ ወደ ምዕራብ፣ በአቀስታ አድርጎ ወደ መካነ ሰላም ለሚዘልቅ መንገደኛ ግን ፋብሪካ የሚባል ነገር አይታየውም። የእኛ ፋብሪካ ጭስም አጥርም ዘበኛም የለውም፤ በየጎጆው ተበታትኖ ተቀምጧል።

ባናን ማለቴ ነው፤ ውርጭ ለሚመታው ደጋ ከበግ ጸጉር የሚሠራውን ከባድ ልብስ። በጉ ይሸለታል፤ ጸጉሩ በደጋን ይነደፋል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔውም እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ድርና ማጉን ያገናኛል። ጥቁሩ ባና ጥቁር የሆነው ቀለም ተነክሮ ሳይሆን በጉ ጥቁር ሆኖ ስለ ተወለደ ነው። (ስንኝ ለሚቋጥር ሰው ይህ ያስቀናል።) ከሁሉ የሚከብደው ፈትሉ ነው። ሸማኔው በቀናት ለሚጨርሰው ሥራ እንዝርቷ ሳምንታት ስትሾር ትከርማለች፤ ገበያ ላይ ግን ስሙ የሸማኔው ነው። እሱም ቢሆን በፋብሪካ ብርድ ልብስ ርካሽነት ተገፍቷል።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። አንዲት ፈታይ እናት በጎች ገዝተው ሥራቸውን ለማስፋት ብድር ጠየቁ። ቤትና ካርታ ተጠየቁ። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 እንስሳትም መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል፤ ከአዋጁ እስከ መስኮቱ ያለው መንገድ ግን ከደሴ መካነ ሰላም ይርቃል።

«በግ ይሞታል ብላችሁ ነው አይደል ልጄ?» አሉኝ።

«መመሪያው ነው፣ እናቴ።»

«ቤትስ አይቃጠልም?»

መልስ አልነበረኝም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ስድቡ ከአደባባይ ቢሸሽም ንቀቱ ቅጽ ውስጥ የተደበቀ ይመስለኛል። የሒሳብ መክፈቻው ቅጽ ላይ «የሥራ ዓይነት» የሚል ክፍት ቦታ አለ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈትል የኖረች ሴት ስትመጣ፣ ሳትጠየቅ «የቤት እመቤት» ተብሎ ይሞላላታል። እኔ «ፈታይ» ብዬ እጽፋለሁ። ኮምፒዩተሩ ቃሉን አያውቀውም፤ «ሌላ» በሚለው ሥር ያስገባዋል።